ባትሪ ከማስለወጥህ በፊት

ልጄ፣ ሐርጌሳ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከያዝክ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ቃል ከአፍህ ቶሎ እንዳይወጣ ተጠንቀቅ፤ «ባትሪው ሞቷል» የሚለው ቃል። ባለመኪናው ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤቱን ጠርቶ በኬብል ያስነሳና ሞተሩን ሳያጠፋ አንተ ዘንድ ይመጣል። እስኪደርስ ድረስ ያገኘው ሰው ሁሉ ባትሪ ግዛ ብሎታል። አንተም ያንኑ ብትደግምለት ያምንሃል፣ ይገዛል፣ ለጥቂት ሳምንት መኪናው በአንድ ቁልፍ እየተነሳ ያስደስተዋል። ጉድለቱ ከዲናሞው ወይም ከሽቦው ከነበረ ግን አዲሱም ባትሪ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰውየው የሚሄደው ወደ ሌላ ጋራዥ ነው፤ ስምህንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ፔጆ 404 እና ላንድሮቨር መንገዱን በያዙበት ጊዜ ነው። ያኔ ቴስተር ያለው ጋራዥ ጥቂት ነበር፤ ሽቦ ከሽቦ አነካክተን በብልጭታው እንፈርድ ነበር። ዛሬ ቴስተር በጥቂት ዶላር በየሱቁ ይገኛል፣ በብልጭታ የሚፈርደው ሰው ግን አሁንም ብዙ ነው። ይህን የምጽፍልህም ስለዚህ ነው። ሳይለካ የሚለወጥ ዕቃ የባለመኪናውን ገንዘብ ያባክናል፤ እዚህ ከተማ አሮጌ መኪና የሚነዳው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያችው መኪና ቤተሰቡን የሚያበላ ነው።

የዚህን አገር መኪና ጠባይ እወቅ። አብዛኛው ጃፓን ተነድቶ ያረጀ፣ በዱባይ በኩል አልፎ በበርበራ ወደብ የገባ ቶዮታ ነው፤ ቪትዝ፣ ፕሮቦክስ፣ ኖህ፣ ማርክ ቱ፣ ሱርፍ፣ ላንድክሩዘር። መንገዱ በቀኝ ሆኖ ሳለ መሪውም በቀኝ የሆነው ለዚህ ነው። እነዚህ መኪኖች ጃፓን ሳሉ በሥርዓት የተያዙ ናቸው። ሽቦአቸው የሚነካካው ከዚያ ከወጡ በኋላ ነው፤ ሬዲዮ ይለወጣል፣ የሌባ ማንቂያ ይገጠማል፣ ኤልኢዲ መብራት ይጨመራል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ይንጠለጠላል። ስለዚህ ባለመኪናውን የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ በቅርቡ ምን አስገጠምክ የሚል ይሁን። ቀጥሎ ችግሩ ሌሊት አድሮ ነው ወይስ እየነዳህ ሳለ፣ ቀዩ የባትሪ መብራት በርቶብህ ያውቃል ወይ፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠልብሃል ወይ፣ ባትሪው መቼ ተገዛ በለው። ሰውየው በዕድሜ የገፋ ከሆነ «አዴር» (አጎቴ) ብለህ ጀምር፤ ሶማልኛህ ገና ቢሆንም ይህች ቃል ታግዝሃለች። እሱ ሲመልስ አታቋርጠው። ግማሹ ምርመራ በእነዚህ መልሶች ውስጥ ያልቃል።

ባትሪ ጎተራ ነው፤ ዲናሞ አራሽ። ባትሪው ሞተሩን ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ አምፔር ይሰጣል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መብራቱንም፣ ማራገቢያውንም፣ ኮምፒውተሩንም የሚመግበው ዲናሞው ነው፤ የወጣውንም ለባትሪው የሚመልሰው እሱ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ስታገኘው አዲስ ጎተራ መግዛት ምንም አይጠቅምም፤ እህሉ ለምን እንዳልገባ ወይም በየት እንደፈሰሰ ነው መጠየቅ ያለብህ።

ኮፈኑን ስትከፍት ቴስተሩን ገና አታውጣ። መጀመሪያ ዓይንህና እጅህ ይሥሩ። ሞተሩን አጥፍተህ ቺንጋውን እይ፤ ተሰነጣጥቋል? ፑሌጃው የሚነካው ገጽ እንደ መስታወት አብለጭልጯል? መሃሉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከገባ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። የላላ ቺንጋ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል፤ በዝናቡ ወራት የማሮዲ ጄህን ወንዝ በውሃው ውስጥ አቋርጦ የመጣ መኪናም እንዲሁ ይጮኻል። ሰው ጩኸቱን ለምዶት ዝም ይለዋል። አንተ ግን ዲናሞው የሚዞረው በዚያ ቺንጋ መሆኑን አትርሳ፤ ቺንጋው ሲንሸራተት ጤነኛ ዲናሞ እንኳ በቂ አይሰጥም።

ከዚያ ወደ ባትሪው ተርሚናል ሂድ። የባትሪውን ማሰሪያ በእጅህ ይዘህ ለማዞር ሞክር፤ በእጅ የሚዞር ማሰሪያ አልታሰረም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ በ10 ቁልፍ አጥብቀው፣ ከላይ ትንሽ ግሪስ ቀባው። ስትፈታ ኔጋቲቩን አስቀድም፣ ስታስር ኔጋቲቩን አስከትል። በርበራ ደርሶ የሚመላለስ መኪና ይህ ዱቄት አይለየውም፤ የባሕሩ ጨው ከሙቀቱ ጋር ሆኖ ብረትን ይበላል። ቀጥለህ ጥቁሩን ኬብል ከባትሪው ጀምረህ እስከ ሞተሩና እስከ ቦዲው ድረስ ተከተል። ማሳው፣ ማለትም ይህ ጥቁር ኬብል፣ የታሰረበት ቡሎን ብዙ ጊዜ ዝገት ወይም ቀለም ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፤ ሞተር ወርዶ የተሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ ማሳውን ጨርሶ መልሰው ያላሰሩበት ጊዜ አለ። ጥርጣሬ ካደረብህ የማስነሻ ኬብልህን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር አያይዝና እንደገና አስነሳ። ሞተሪኖው ቀድሞ እየደከመ ይዞር የነበረው በአንድ ጊዜ ከተፈተለከ ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ለባለመኪናው የሚያስፈልገውም አንድ ቁራጭ ኬብል ብቻ ነው።

አሁን ቴስተሩን አውጣ፤ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው።

መኪናው ቆሞ ያደረ ከሆነ ባትሪውን ሳታስነሳ ለካ። አሁን ከመንገድ የመጣ ከሆነ ግን ሞተሩን አጥፍተህ የፊት መብራቱን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብራ፣ አጥፋ፣ ጥቂት ጠብቅ፤ ያለበለዚያ ላይ ላዩን የተከማቸው ቮልት ያታልልሃል። 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ደግሞ ሩብ አካባቢ ነው። ከ11.9 በታች ባዶ በለው። ልብ በል፤ 12 ቮልት ባትሪ 12 ቮልት ሲያሳይ ደህና ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ስድስት ጊዜ 2.1 ስንት እንደሆነ አስላ፣ 12 ለምን ጎዶሎ እንደሆነ ይገባሃል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በአሲድ መለኪያ እያንዳንዱን ክፍል ለካ፤ ሲሞላ 1.265 አካባቢና ከዚያ በላይ ያሳያል። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን በ0.050 ከወረደ፣ ያ ባትሪ በእውነት ሞቷል፤ ያኔ ያለ ፍርሃት ተናገር።

ቀጥሎ ሰው ቁልፍ እያዞረልህ አንተ ቮልቱን ተመልከት። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሲያስነሳ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይጎትታል። ከተነሳ በኋላ የሞተሩን ዙር ወደ 1500 እና 2000 መሃል ከፍ አድርገህ ለካ። ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። እንደ በርበራ ባለ ሙቀት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ታችኛው ጫፍ ቢጠጋ አትደንግጥ፤ ሬጉሌተሩ ሲሞቅ ቮልቱን ዝቅ እንዲያደርግ ሆኖ የተሠራ ነው። ከ15 ካለፈ ግን ባትሪውን እየቀቀለው ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታና ጎኑ ያበጠ ባትሪ የሚያመጣው፣ አምፖል የሚጨርሰውም ይኸው ነው።

መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያ አብራና ድገም። 13 ላይ መቆም ካቃተው ዲናሞው ወይም ከእሱ ወደ ባትሪው የሚሄደው የሽቦ መንገድ ደክሟል። ዘመናቸው የቀረበ ቪትዞች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቮልቱን ሆን ብሎ ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ መብራት ካበራህ በኋላ ከፍ ካለ ሥራውን እየሠራ ነውና ተወው። ሞተሩ ዝም ብሎ በቆመበት ሲዞር የዲናሞ ጉልበት ከሙሉው በጣም ያነሰ ነው። ከቤት እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድ እስከ ገበያ ብቻ የሚነዳ፣ በመሃሉም ኤሲ ከፍቶ በመኪና ሰልፍ የሚቆም ሰው ባትሪው ሳይሞላ ቢውል ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ለእሱ የሚነገረው አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ እንዲነዳው ነው።

እስካሁን ያልኩህን ብዙዎች ያውቁታል። አሁን የምነግርህን ግን የሚሠራው ጥቂት ነው፤ በእኔ ግምት ያለ ጥፋታቸው ከወረዱት ዲናሞዎች ብዙዎቹን ያተርፍ የነበረው ይህ ፍተሻ ነው። ሞተሩ በ2000 ዙር እየሠራ፣ መብራቱም ማራገቢያውም በርቶ እያለ፣ የቴስተሩን ቀይ ሽቦ ዲናሞው ጀርባ ካለው ወፍራም ቡሎን ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ አድርግ። ማሰሪያው ላይ አታድርገው፤ ራሱ እርሳሱ ላይ ይሁን፤ የምትፈልገው ጉድለት በሁለቱ መሃል ሊሆን ይችላልና። የምታነበው ቁጥር በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ነው። ከ0.3 በታች ከሆነ መንገዱ ንጹሕ ነው። ከዚያ ቀዩን ከዲናሞው አካል፣ ጥቁሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ጋር አድርገህ ድገም፤ እዚህ ከ0.2 መብለጥ የለበትም።

አንድ ቮልት ብታገኝ ምን ማለት እንደሆነ አስብ። ዲናሞው 14.2 እያመረተ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.2 ነው። ዲናሞው አልሰነፈም፣ ባትሪውም አልከፋም፣ ሆኖም ባትሪው በጭራሽ አይሞላም። በዚያ ኬብል 40 አምፔር እያለፈ ከሆነ የጠፋው አንድ ቮልት 40 ዋት ሙቀት ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ይወጣል። በጥንቃቄ በእጅህ ዳብስ፤ የሚሞቀውን መጋጠሚያ ታገኘዋለህ። ፈትተህ፣ ፈትገህ፣ አጥብቀህ ስትለካው ቁጥሩ ሲወርድ ታያለህ። ይህን ፍተሻ ለባለመኪናው እያሳየህ ሥራው፤ ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል።

ስለ ቀዩ የባትሪ መብራት ደግሞ ይህን ያዝ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ ከዚያ ጀምር። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው በዚያች አምፖል በኩል የሚመጣው ትንሽ ኃይል ነው፤ አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው እስኪጋልብ ድረስ ተኝቶ ይቆያል። መኪናውን ለመሸጥ ሲሉ አምፖሏን የሚያወጡም አሉ። የቶዮታ ዲናሞ በብዛት ዴንሶ የሠራው ነው፤ እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) ኒፖንዴንሶ ይባል የነበረው ማለት ነው። ከወፍራሙ ገመድ ሌላ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ የሚገባበት ሶኬት አለው፤ አይጂ፣ ኤስ እና ኤል የሚባሉት። አይጂ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ማግኘት አለበት። ኤስ ሁልጊዜ የባትሪውን ቮልት ይዞ ለሬጉሌተሩ የሚነግር ነው። ኤል ወደ መብራቷ ይሄዳል፤ ሶኬቱን ነቅለህ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ የኤልን ሽቦ ማሳ ብታስነካው መብራቷ መብራት አለባት። እነዚህን ሦስቱን ሳትፈትሽ ዲናሞ አታውርድ። አንዲት የተቃጠለች ትንሽ ፊውዝ ዲናሞ ያስለወጠችበት ጋራዥ አንድ ብቻ አይደለም።

በእነዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር እንዳታደርግ አጥብቄ እለምንሃለሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚለውን ፍተሻ ተወው። ይህ ከድሬዳዋ እስከ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ እስከ ሐርጌሳ በየጋራዡ ይሠራል። በጥንቱ ዲናሞና በካርቡሬተር ዘመን ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ባትሪው ድንገት ሲለይ ዲናሞው ይሰጠው የነበረው ኃይል መሄጃ ያጣና ለቅጽበት ቮልቱ ያሻቅባል፤ ከ40 አልፎ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። ያ ኃይል ዳዮዱን ይበሳል፣ ሬጉሌተሩን ያቃጥላል፣ ወደ ኮምፒውተሩም ይገባል። ቪትዝ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራ፣ ሞተሩ በኮምፒውተር የሚመራ መኪና ነው። ለአንድ ባትሪ ጥርጣሬ የሰው ኮምፒውተር አቃጥለህ ልትከፍለው አትችልም። በዚያ ላይ ሲሞላ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ከተርሚናሉ አጠገብ ብልጭታ ከተነሳ ባትሪው በፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አለቃህ ካዘዘህ «በቴስተር ላሳይህ» በለውና በቁጥር አሳየው። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጥ እጠብ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ፊውዝም በሽቦ አትተካ። ዋናው የዲናሞ ፊውዝ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ የሚሰድ ሰው መኪናውን ያለ ጠባቂ ነው የሚሰደው። ይህ ከተማ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት የዋሄን ገበያ ሲነድ ያየ ከተማ ነው፤ መኪናም ገበያ መሃል ከነደደ ብቻውን አይነድም።

መንገዱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ቮልቱ አሁንም ዝቅ ካለ ያኔ ዲናሞውን ጠርጥር። ከማውረድህ በፊት ጥቂት ነገሮች አድርግ። ቁልፉን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሳ የመፍቻህን ጫፍ ከዲናሞው ጀርባ ኩሽኔታ አጠገብ አቅርብ፤ ከሳበው ውስጡ ማግኔት እየሆነ ነው፣ ካልሳበው ካርቦኑ ወይም ሬጉሌተሩ ላይ አተኩር። ሞተሩ እየሠራ የዲናሞውን አካል በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለህ ስትመታው ቻርጁ ከተመለሰ ካርቦኑ አልቋል። አዲስ ካርቦን አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ወጥቶ ይታያል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከቀረው ለውጠው፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረህ ባትሪው ላይ ስትለካ ከ0.5 በላይ ካሳየ ዳዮድ ተበላሽቷል፤ ሬዲዮው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጮኻል፣ መብራቱም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዲናሞው ብቻ ለብ ብሎ ካገኘኸው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በተበሳው ዳዮድ በኩል ባትሪውን ሲጠጣ አድሯል። የኩሽኔታ ጩኸት ለመለየት ቺንጋውን አውጥተህ በእጅህ አዙረው። አዲስ ዲናሞ ከገጠምክ በኋላ ባዶ ባትሪ ይዞ እንዲወጣ አታድርግ፤ ባትሪውን በቻርጀር ሞልተህ ስጠው። ባዶ ባትሪ ዲናሞውን በሙሉ ጉልበቱ ያሠራዋል፣ ያግለዋል፣ አዲሱንም ያስረጀዋል።

ናፍጣ መኪና ሲመጣ ጥንቃቄህን እጥፍ አድርገው። 2ኤል ወይም 3ኤል ሞተር ባላቸው ሃይሉክሶች ላይ የፍሬን ማገዣውን አየር የሚስበው ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ተገጥሟል። ይህን የማያውቅ ሰው ቺንጋው ሲላላ ቻርጁ ብቻ የቀነሰ ይመስለዋል። ቺንጋው ከተበጠሰ ግን የፍሬን ፔዳሉም ይደድራል፤ ከሼክ ዳገት ወደ በርበራ እየወረደ ያለ ሰው ላይ ይህ ሲደርስ ነገሩ የባትሪ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ፓምፑ ዘይት ካንጠባጠበ ደግሞ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ገብቶ ካርቦኑን ያበላሻል፤ የፓምፑን ዘይት ሳታቆም ካርቦን መለወጥ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። እነዚህን መኪኖች ስትሠራ ቺንጋውን ሳታይና ፍሬኑን ሳትሞክር አታስረክብ። አደራ።

ከጃፓን ከመጡት የናፍጣ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት የሆኑ አሉ፤ የጭነት መኪናውም አብዛኛው 24 ነው። ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ታስሯል። ባለቤቱ 12 ቮልት ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር ሲፈልግ ከአንዱ ባትሪ ላይ ሽቦ ይስባል። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚሞላ ጓደኛው ደግሞ ከመጠን በላይ ይሞላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ይሞታሉ፣ ባትሪ ሻጩም ይወቀሳል። ሁለቱን ለየብቻ ለካ፤ ቁጥራቸው ከተራራቀ ሽቦውን ፈልግ። መፍትሔው 24ን ወደ 12 የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከባትሪ በጣም ይረክሳል።

ዲናሞው ጤነኛ፣ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሌሊት አድሮ የሚሞት መኪና ሲገጥምህ የሚፈሰውን ፈልግ። ኔጋቲቩን ፍታ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በኬብሉና በእርሳሱ መሃል አስገባው። በሩን ሁሉ ዝጋ፣ ኮምፒውተሩ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ፤ በዚህ መሃል ማንም ቁልፍ እንዳያዞር፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። እስከ 0.05 አምፔር ድረስ ያለው ለሰዓቱና ለኮምፒውተሩ ነው። ግማሽ አምፔር ካየህ ግን አስላው፤ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፣ የቪትዝ ባትሪ ደግሞ ከ35 እስከ 45 አካባቢ ነው። ሁለት ሌሊት ቆሞ ያደረ መኪና አይነሳም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ ቁጥሩ ሲወድቅ መንገዱን አገኘህ። ብዙ ጊዜ የምታገኘው የሌባ ማንቂያ፣ የድምፅ ማጉያ ወይም በቁልፍ የማይጠፋ የተጨመረ መብራት ነው። ከሰዓት በኋላ ቆሞ ሬዲዮ እየሰሙ ጫት የሚቃሙበት መኪናም አለ፤ እዚያ ፊውዝ መንቀል አያስፈልግም፣ መጠየቅ ይበቃል።

ሙቀትን አትርሳ። ሐርጌሳ ከባሕር በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ባትሪ እዚህ ይኖራል። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ በርበራ ሲደርስ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠብቀዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል ብለህ ብትይዝ ብዙ አትሳሳትም። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ያለው የበርበራ ተመላላሽ በየወሩ ውሃውን ይመልከት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። ከጌድ ዴብሌ የውሃ ጉድጓዶችም ይምጣ በቦቴ ይምጣ የጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለባትሪ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳውን ያበላሻል። አሲድም አትጨምር።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ባትሪ ስትሸጥ ትርፍ አለ፣ ማሰሪያ ፈትገህ ስታጠብቅ የለም ይሉሃል። ለመመርመርህ ዋጋ ጠይቅ፤ ከመጀመርህ በፊት በግልጽ ንገረው፣ ዕቃ ካልገዛም ይህን ይከፍላል። መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ይከራከርሃል። መቶ ዶላር ሊያወጣ መጥቶ አምስት ከፍሎ የሄደ ሰው ግን ሁለተኛ አይከራከርም። እዚህ ሰው በስልክ ገንዘብ መላኪያው በዛድ ነው የሚከፍለው፤ ከከፈለህ በኋላ ቁጥርህ በስልኩ ይቀራል፣ የአጎቱ ልጅ መኪና ሲቆም ያንን ቁጥር ይሰጠዋል። አንተ በሰው አገር እንግዳ ነህ። ዘመድ የለህም፣ የሚዋስልህ የለም፤ ሲያጣሉህ የሚቆምልህ የሠራኸው ሥራ ነው። አሮጌውን ባትሪ ስትቀበልም በየሜዳው አትጣለው፣ አሲዱንም መሬት ላይ አትድፋ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለልጆች። ለሚሰበስቡት አስረክብ፣ እጅህንም ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ።

የምትለካውን በደብተር ጻፍ፤ ሰሌዳውን፣ ቀኑን፣ በቆመበት ስንት፣ ሲነሳ ስንት፣ ሲሠራ ስንት፣ በመንገድ የጠፋው ስንት። ያው መኪና ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ አጠገብ አድርገህ ለባለመኪናው ታሳየዋለህ። ነገ ጠዋት በኬብል የተነሳ ቪትዝ ጋራዥህ በር ላይ ሲቆም ባትሪ ሻጩ ጋ አትደውል። ኮፈኑን ክፈትና ከቺንጋው ጀምር።